ዙፋኑ ባል አልባ ሴት ሲሻ

በጥቅምት 1875 ዓ.ም. አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ተዳረች። አባቷ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ፣ አማቷ ንጉሠ ነገሥቱ አጼ ዮሐንስ አራተኛ ነበሩ። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ሸዋና ጎጃም በእምባቦ ተዋግተው ንጉሠ ነገሥቱን አስቆጥተዋል፤ ወሎም ከምኒልክ እጅ ወጥቶ ለዮሐንስ ልጅ ለራስ አርአያ ሥላሴ ተሰጥቷል። የተቀያየመውን የሚያስታርቅ ጋብቻ አስፈለገና ትንሿ ዘውዲቱ የእርቁ ማሰሪያ ሆነች። ለምን እንደተዳረች የጠየቃት አልነበረም፤ ብትጠየቅም የምትመልሰው አልነበራትም።

ዘውዲቱ የተወለዱት በሚያዝያ 1868 ዓ.ም. ነው። እናታቸው ከወሎ መኳንንት ወገን ነበሩ። ትዳሩ ስድስት ዓመት እንኳ አልሞላም። በሰኔ 1880 ዓ.ም. ራስ አርአያ ሥላሴ መቀሌ ላይ በፈንጣጣ ሞቱ፤ ዘውዲቱም በዐሥራ ሁለት ዓመታቸው መበለት ሆኑ። በዚያ ሰዓት ምኒልክና ዮሐንስ ጦር ለመማዘዝ ጥቂት የቀራቸው ባላንጣዎች ናቸው። ቢሆንም አጼ ዮሐንስ ምራታቸውን መያዣ አላደረጉም፤ በክብር ወደ አባታቸው ሰደዷቸው። ይህ የንጉሠ ነገሥቱ ጨዋነት በታሪካችን ውስጥ ከሚገባው በታች ይነገርለታል።

አገሩ ያን ጊዜ ከምዕራብ በኩል እሳት ይነድበት ነበር። የሱዳን ማሕዲስቶች ጎንደርን አቃጥለዋል። ሌላው ጦራቸው ከዓባይ በስተ ደቡብ፣ ዛሬ አሶሳ በምትገኝበት በቤላ ሻንጉል ምድር በኩል ገብቶ ወደ ወለጋ ገሠገሠ። በጥቅምት 1881 ዓ.ም. የምኒልክ የጦር መሪ ራስ ጎበና ጉቴ ዲሊ ላይ ድል አድርገው መለሱት። በመጋቢት ግን አጼ ዮሐንስ እዚያው ምዕራብ ጠረፍ ላይ፣ በመተማ ወደቁ። የዘውዲቱ ባልም አማትም በአንድ ዓመት ውስጥ አለፉ ማለት ነው። አባታቸው ምኒልክ ደግሞ ንጉሠ ነገሥት ሆኑ።

ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ዘውድ ጫኑ። ባለቤታቸው ጣይቱ ብጡል የተቀቡት ከሁለት ቀን በኋላ ነው፤ ማዕርጋቸውም እቴጌ ሆነ። የሁለት ቀኑን ልዩነት ልብ ማለት ይገባል። በዚያን ዘመን የአገሩ ሥርዓት ንጉሠ ነገሥቱ በቤተ ክርስቲያን በጳጳስ እጅ ይቀባል፤ እቴጌዋን ዘውድ የሚጭንላት ደግሞ ራሱ ባሏ ነው። የእቴጌነት ምንጩ ጋብቻ ነው። ባል ሲሞት ማዕርጉ ስም ሆኖ ይቀራል፤ ሥልጣኑ የሚቀጥለው መበለቲቱ የምትጠብቅለት ሕፃን ንጉሥ ካላት ነው። በዐሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን የቋራዋ እቴጌ ምንትዋብ ከአጼ በካፋ ሞት በኋላ ለዐሥርት ዓመታት አገር ያስተዳደሩት በልጃቸውና በልጅ ልጃቸው ስም ነበር። ዘውዲቱን የምናየው በዚህ ልማድ ፊት አቁመን ነው፤ እርሳቸው ልማዱ የማያውቀው ሌላ ነገር ሊሆኑ ነውና።

ከመበለትነት በኋላ ሁለት ትዳር ሞከሩ፤ አልሰመረም። የወለዷቸው ልጆችም በሕፃንነታቸው ሞቱባቸው። በ1892 ዓ.ም. ገደማ የእቴጌ ጣይቱን የወንድም ልጅ ጉግሣ ወሌን አገቡ። እንደ ቀድሞዎቹ ሁሉ ይህም ጋብቻ የመንግሥት ሥራ ነበር፤ የሸዋን ቤት ከየጁና ከስሜን ቤት ጋር ማስተሳሰሪያ። ሆኖም ይኸኛው ሥር ሰደደ። ባልና ሚስቱ ተዋደዱ።

በእነዚሁ ዓመታት የአባታቸው መንግሥት ወደ አሶሳ ደረሰ። ከዐድዋ ድል በኋላ አጼ ምኒልክ ዓይናቸውን ወደ ነጭ ዓባይ አዙረው ነበር። እንግሊዝ ከግብፅ ተነሥታ ወደ ካርቱም እየገፋች ነው፤ ቀድሞ ያልያዘ ይቀደማል። በዚያ ላይ የቤላ ሻንጉል ወርቅ አለ። ከአሶሳ ዙሪያ ጅረቶች አሸዋ እየተዛቀ፣ በእንጨት ገበቴ በውኃ እየተወዘወዘ፣ ቀላሉ ሲፈስ ከባዱ ከታች ሲቀር የሚለቀም ወርቅ ነው፤ ሴቶች ጉልበታቸውን ውኃ ውስጥ ነክረው ዛሬም እንደዚያው ያጥቡታል። ምኒልክ ጠመንጃ የሚገዙት በወርቅ፣ በዝሆን ጥርስና በዝባድ ነበርና ምድሪቱ ትፈለግ ነበር።

በ1890 ዓ.ም. ራስ መኮንን ብዙ ጦር አስከትለው ዘመቱ። ምድሪቱን የሚገዙት የአሶሳው ሼህ ሆጀሌ አልሐሰን፣ የቤላ ሻንጉሉና የሆሞሻው ሼሆች ነበሩ፤ ውጊያ ተደርጎ ተሸነፉ፤ ገዥዎቹም ወደ አዲስ አበባ ተወሰዱ። ሼህ ሆጀሌ ዋና ከተማው ውስጥ ዓመታት ቆይተው፣ ኋላ ምሕረት አግኝተው፣ ግብር ከፋይ ገዥ ሆነው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ጉለሌ ያለው የሼህ ሆጀሌ ቤተ መንግሥት የዚያ ዘመን ምስክር ነው። የበርታ አገር ሼህ በዘውዲቱ አባት ከተማ የራሱን እልፍኝ ሠርቶ የኖረበት ዘመን።

ግብሩ ወርቅ ብቻ አልነበረም። ሰውም ነበር። ከበርታ፣ ከጉሙዝ፣ ከማኦና ከኮሞ መንደሮች እየታደኑ የሚወሰዱ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት ከፊሎቹ ወደ መሐል አገር፣ ከፊሎቹ ወደ ሱዳን ይነዱ ነበር። ይህን ሳያነሡ የአሶሳን የወርቅ ታሪክ ብቻ መተረክ ትልቅ በደል ነው።

ከዘመቻው አራት ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 1894 ዓ.ም.፣ ምኒልክና እንግሊዝ አንድ ውል ተፈራረሙ። በውሉ ኢትዮጵያንና ሱዳንን የሚለየው ድንበር ተወሰነ፤ አሶሳና ዙሪያዋ በኢትዮጵያ በኩል ቀሩ። በዚያው ወረቀት ሦስተኛ አንቀጽ ላይ ደግሞ ምኒልክ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳይስማሙ በጥቁር ዓባይ፣ በጣና ሐይቅና በሶባት ላይ የውኃውን ፍሰት የሚያግድ ሥራ ላለመሥራት ቃል ገቡ። መሬቱንና ውኃውን በአንድ ቀን ያሰረ ውል ነው። ይህ ውል ኋላ በዘውዲቱ ዘመን ተመልሶ ይመጣል።

አጼ ምኒልክ ታመሙ። እቴጌ ጣይቱ በባላቸው አልጋ አጠገብ ሆነው መሾምና መሻር ጀመሩ፤ መኳንንቱ አልወደዱትም። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ተማክረው ከሥልጣን አወጧቸው። ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ጣይቱ ወደ እንጦጦ ወጡ፤ እዚያው ማርያም ደብር አጠገብ በጸሎት ኖሩ። አልጋውን የያዙት የምኒልክ የልጅ ልጅ፣ ልጅ ኢያሱ፣ አክስታቸውን ዘውዲቱን ከከተማ አርቀው ወደ ፋሌ ሰደዷቸው። የእንግሊዟ ቪክቶሪያ በ1854 ዓ.ም. ባሏን ቀብራ አርባ ዓመት ጥቁር ስትለብስ ከዙፋኗ የነካት አልነበረም፤ ዙፋኑ በልደት የራሷ ነበርና። የአድዋዋ ጣይቱ ግን የነበራቸው ሁሉ ከባላቸው ጋር ታመመ፣ ከባላቸው ጋር ሞተ።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ የመስቀል ዕለት፣ መኳንንቱና ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ልጅ ኢያሱን ከአልጋ አወረዱ። የሚነግሠው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ግን ቀላል አልነበረም። ደጃዝማች ተፈሪ መኮንን ወጣትና ብርቱ ናቸው፤ በዚህም የተነሣ ይፈራሉ። የምኒልክ ደም ያለውና ማንንም የማያስፈራ ሰው ያስፈልጋል። የአርባ ዓመቷ ዘውዲቱ ተመረጡ። ተፈሪ የራስነት ማዕርግ ተጨምሮላቸው አልጋ ወራሽ ተባሉ፤ የጦሩ ጉዳይ በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ እጅ ቆየ።

አንድ ቅድመ ሁኔታ ነበረ። ራስ ጉግሣ ወሌ ከንግሥቲቱ እልፍኝ እንዲርቁ ተደረገ። ሴት ብትነግሥ ባሏ ይነግሣል፣ የጉግሣ ወገን ከገባ ጣይቱ በጓሮ በር ይመለሳሉ የሚል ስጋት መኳንንቱን ይዟቸው ነበር። ጉግሣ በጌምድርን ተሹመው ወደ ጎንደር ሄዱ፤ ባልና ሚስት ተለያዩ። ሞት በልጅነት የወሰደባቸውን ትዳር ያኔ ፖለቲካ ወሰደባቸው። ዘውዲቱ በሕይወት ያለ ባል መበለት ሆኑ ቢባል አያሳስትም። በዚያ ዘመን ለመንገሥ ሚስቱን መተው የተጠየቀ ንጉሥ የለም፤ ሴት ግን ተጠይቃ ከፈለች።

ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ የኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል ተሸንፈው ተማረኩ። የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል አቡነ ማቴዎስ ዘውዲቱን ቀብተው አነገሡ። ማዕርጋቸው እቴጌ አልሆነም። ንግሥተ ነገሥታት ሆነ። «ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለው የነገሥታት መጠሪያም ተከተላቸው። በጳጳስ እጅ፣ በቤተ ክርስቲያን፣ ያለ ባል፣ በራሳቸው ስም። ከዚያ በፊት የኢትዮጵያ ዜና መዋዕል እንዲህ ያለ ነገር ለመፈለግ እስከ ንግሥተ ሳባ ትውፊት መመለስ ነበረበት። በቅኝ ግዛት በተያዘችው አፍሪካ መካከል ነጻ አገርን በራሷ ዘውድ የመራች ሴት ሌላ አልነበረችም።

ልክ በዓመቱ፣ የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም.፣ እቴጌ ጣይቱ እንጦጦ ላይ አረፉ። ንግሥቲቱ እንጀራ እናታቸውን ይወዱ ነበር፤ ጣይቱ ከምኒልክ አጠገብ ያረፉበት ስፍራም የዘውዲቱ እጅ ያለበት ነው። በበዓታ ለማርያም ያሠሩት መቃብር ቤት ዛሬም ከምኒልክ ቤተ መንግሥት አጠገብ ይታያል፤ ከምድር በታች ባለው ክፍል ምኒልክ መካከል፣ ሁለቱ ሴቶች ግራና ቀኝ ተኝተዋል።

ስለ ዘውዲቱ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ይጾሙ ነበር፣ ይጸልዩ ነበር፣ ቤተ ክርስቲያን ያሠሩ ነበር ይልና ያቆማል። እውነት ነው፤ ይጾሙም ያሠሩም ነበር። ነገር ግን ዐሥራ ሦስት ዓመት ተኩል ሙሉ አዋጅ የሚወጣው፣ ሹመት የሚጸናው፣ የውጭ መንግሥታት መልእክተኛ የሚቀርበው በእርሳቸው ማኅተምና ፊት ነበር። አዲስ ነገር የሚሻውና አሮጌውን የሚጠብቀው ወገን እንዳይተላለቅ መካከል የቆመው የእርሳቸው ዘውድ ነው። ይህ ሥራ ድምፅ የለውም፤ አገር ሳይፈርስ መቆየቱ ግን የሥራው ውጤት ነው።

መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም.፣ ከኢያሱ መሻር በሰባተኛው ዓመት በዚያችው የመስቀል ዕለት፣ ኢትዮጵያ የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ሆነች። ተቃዋሚዎቹ ያነሡት ትልቁ ክስ የባሪያ ንግድ ነበር። በመጋቢት ወር በንግሥተ ነገሥታቷና በአልጋ ወራሹ ስም አዋጅ ወጣ። ባርነትን በአንድ ጊዜ አላጠፋም፤ ጌታው በሞተ በሰባት ዓመት ባሪያው ነጻ ይወጣል የሚል ዓይነት ቀስ በቀስ የሚሄድ ሕግ ነበር።

አዲስ አበባ የተነበበ አዋጅ አሶሳ እስኪደርስ መንገዱ ረጅም ነው፤ መንገዱ ብቻም አይደለም ያራዘመው። የግብሩ ሥርዓት ራሱ በሰው ላይ የቆመ ነበር። ወርቅ ሲያጥር ሰው ይታደናል። በጠረፉ በሱዳን በኩል የምትኖረው የሼህ ሆጀሌ ሚስት ሲት አምና ባሮችን በማሻገር ስሟ በእንግሊዝ ሹማምንት ዘንድ ደጋግሞ ተነሥቷል። እዚህ ላይ ሁለቱን ሴቶች በአንድ ዘመን አጠገብ ለአጠገብ ማየት ይቻላል። አንዷ በስሟ የባሪያ ንግድ የሚከለከልባት ንግሥት፣ ሌላዋ ጠረፍ ላይ በሥራ ያለች ኃያል ሴት። የአዋጁ ቃል የመጀመሪያዋ ነበር፤ መንገዱ ግን በሁለተኛዋ ደጅ ያልፍ ነበር። ዋጋውን የከፈሉት ስማቸው በየትኛውም መዝገብ ያልተጻፈ የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የማኦና የኮሞ ሰዎች ናቸው። በዘውዲቱ መንግሥት ላይ የሚነሣው ከባዱ ወቀሳ ይህ ነው፤ ተገቢም ነው።

የዓባይም ጉዳይ ተመልሶ መጣ። በ1918 ዓ.ም. እንግሊዝና ጣልያን ኢትዮጵያ ሳትጠየቅ ተጻጻፉ፤ እንግሊዝ ጣና ላይ ግድብ እንድትሠራ፣ ጣልያን በኢትዮጵያ ምድር ባቡር እንድትዘረጋ ሊረዳዱ። የንግሥቲቱ መንግሥት ማኅበሩ ፊት ቆሞ ተቃወመ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ወደ አሜሪካ ተልከው ከኒው ዮርኩ ከጄ. ጂ. ዋይት ኩባንያ ጋር ስለ ጣና ግድብ ተነጋገሩ። እንግሊዝ የ1894ቱን ውል መዘዘች። ቅየሳው ቢደረግም ግድቡ አልተሠራም። የጥቁር ዓባይ ውኃ ከጣና ወጥቶ፣ ጎጃምን ዞሮ፣ በቤላ ሻንጉልና በጉሙዝ ምድር መካከል አልፎ ሱዳን መግባቱን ቀጠለ።

1919 ዓ.ም. ለዘውዲቱ ክፉ ዓመት ነበር። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስና አቡነ ማቴዎስ በአንድ ወቅት ሞቱ። ምሰሶዎቹ ወደቁ። በየካቲት 1920 ዓ.ም. የሲዳሞው ደጃዝማች ባልቻ ሣፎ ሺህ በሺህ ጦር ይዘው ከተማው ጫፍ ሰፈሩ፤ ራስ ተፈሪ ጦሩን በብልሃት በተኑባቸውና ባልቻ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ተጠግተው እጅ ሰጡ። በዚያው ዓመት ክረምት ሲያበቃ ደጃዝማች አባ ውቃው ብሩ የንግሥቲቱን ሥልጣን ሊያስከብሩ መሣሪያ ይዘው ተነሡ፤ የመሸጉትም በበዓታው የምኒልክ መቃብር ቤት ውስጥ ነበር። ልጅ ለአባቷ ያሠራችው የመቃብር ቤት ምሽግ ሆነ። አልቀናቸውም፤ እጃቸውን ሰጡ።

መስከረም 27 ቀን 1921 ዓ.ም. ተፈሪ ንጉሥ ተባሉ። ዘውዱን የጫኑላቸው ራሳቸው ዘውዲቱ ናቸው። በዚያ ሰሞን የወጡት የፖስታ ቴምብሮች ነገሩን ከብዙ ገጽ ታሪክ በላይ ያሳያሉ። በአንዳንዶቹ ላይ ዘውድ የደፉት የንግሥቲቱ ምስል፣ በሌሎቹ ላይ የተፈሪ ምስል። ደብዳቤ የሚልክ ሰው የፈለገውን ፊት ምላሱን አስነክቶ ይለጥፋል፤ አንድ አገር፣ ሁለት ፊት።

ራስ ጉግሣ በጌምድር ላይ ሸፈቱ። ለምን እንደሸፈቱ የሚነገረው ብዙ ነው፤ የሚስታቸው ዘውድ ሲነጠቅ ማየት አለመቻላቸው ከምክንያቶቹ አንዱ መሆኑን ግን መካድ አይቻልም። ከዐሥራ ሦስት ዓመት በላይ የተለዩዋት ሴት ናት። ንጉሥ ተፈሪ የጦር ሚኒስትሩን ደጃዝማች ሙሉጌታ ይገዙን አዘመቱባቸው። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም ሜዳ ላይ በኢትዮጵያ ሰማይ ለጦርነት የወጣ የመጀመሪያው አውሮፕላን በጉግሣ ጦር ላይ አንዣበበ። ውግዘት ያለበት ወረቀት በተነ፤ ቦምብም ጣለ። ሰማይ ሲናገርና ሰማይ ሲያቃጥል አይቶ የማያውቅ ጦር ተፈታ። ጉግሣ ነጭ ፈረሳቸው ላይ እንዳሉ ወደቁ ይባላል፤ ወደቁ የሚለው ግን ይባላል አይደለም።

ዘውዲቱ አዲስ አበባ ላይ ታመው ነበር። የስኳር በሽታ ነበረባቸው፤ ተስቦም ያዛቸው፤ ዐቢይ ጾም ስለነበረ ይጾሙም ነበር። የባላቸውን መሞት ሰምተው ነው ሳይሰሙ የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። በሁለተኛው ቀን አረፉ። በዐሥራ ሁለት ዓመታቸው መበለት ሆነው የጀመሩት ሕይወት ሃምሳ አራት ዓመት ሊሞላቸው ሲል በሁለት ቀን መበለትነት ተዘጋ። አንዳንድ ሰው የሞታቸውን ምክንያት መርዝ ነው ይላል፤ ማስረጃ ያቀረበ የለም። ኀዘን መሆኑን ለማመን ግን ብዙ ማስረጃ አያስፈልግም።

በማግሥቱ ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ንጉሠ ነገሥትነታቸው ታወጀ፤ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ጫኑ። ባለቤታቸው ወይዘሮ መነንም በዚያው ዕለት እቴጌ ተባሉ። ማዕርጉ ወደ ጋብቻ ተመለሰ። ከዘውዲቱ ወዲህ ንግሥተ ነገሥታት የተባለች ሴት በኢትዮጵያ አልነገሠችም።

ያረፉበት ዕለት መጋቢት 24 ቀን 1922 ዓ.ም. ነበር። በዘመናቸው ጣና ላይ ሊሠራ የታሰበው ግድብ ቀርቶ፣ ከሰማንያ አንድ ዓመት በኋላ፣ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ በቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል ጉባ ላይ የሌላ የዓባይ ግድብ የመሠረት ድንጋይ ተጣለ።